ከበራችን ላይ የተቀረፀው መርዶ

ፊልም ሠሪዎቹ ወደ ሰፈራችን የመጡት ቆርቆሮ ፍለጋ ነው። በደርግ ዘመን ስለነበረው ጦርነት ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሊሠሩ ነበርና የዛገ ጣሪያ፣ የተፈረፈረ የጭቃ ግድግዳ፣ ኮብልስቶን ያልነካው መንገድ ይፈልጉ ነበር። አቃቂ ይህ ሁሉ ሞልቶ የተረፋት ናት። ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ያለውን የኛን መንደር ሲያይ ዳይሬክተሩ እጁን አጨበጨበ አሉ። ሰው በቤቱ እርጅና ሲያፍር ኖሮ አንድ ቀን በዚያው እርጅና ሲጨበጨብለት ግራ ይገባዋል። አንድ ጎረቤታችን እንዲያውም ደስ ብሎት በሩን ቀለም ቀባና ከምርጫው ወጣ።

እኔ በዚያ ሰሞን ሥራ ፈት ነበርኩ ማለት አይቻልም፤ ሥራዎቹ ናቸው እኔን የሚፈቱኝ። ብረታ ብረት ቤት ገብቼ ወጥቻለሁ፣ ከሳሪስ አቃቂ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆኜ ወርጃለሁ። አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አልችልም። ግጥም እጽፋለሁ፤ ያስተማረኝ ሰው ግን የለም። ሱቅ ውስጥ ዕቃ የሚጠቀለልበትን የድሮ ጋዜጣ ሳነብ ነው የጀመርኩት። ፊልም ሠሪዎቹ ሰው ይፈልጋሉ ሲባል ሄድኩና ተራ ወታደር ሆኜ ተቀጠርኩ።

በመጀመሪያው ቀን ከፊቴ የተሰለፈው ወታደር ግራና ቀኙን ተላጭቶ አናቱን ብቻ ያጎፈረ፣ የዘንድሮን ቁርጥ የተቆረጠ ነበር። ከሱ ቀጥሎ ያለው ስልኩን የካኪ ሱሪው ኪስ ውስጥ ከትቶ ቅርፁ ከሩቅ ይታያል። ከኋላችን ካለው ቤት ጣሪያ ላይ ደግሞ ዲሽ ሰማይ ላይ አፍጧል። ዝም ማለት አቃተኝ።

«አንተ ማነህ?» አለኝ ዳይሬክተሩ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቆብ ከራሱ የማይለይ ቀጭን ሰው ነው።

«ወታደር ነኝ።»

«ወታደር አፉን ይዘጋል።»

«ፀጉሩንም ይቆረጣል» አልኩት።

ሳቀ። በማግሥቱ ጠመንጃዬን አስረክቤ ስህተት ለቃሚ ሆንኩ። ሠራተኞቹ «ዘመን ጠባቂው» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ባጃጅ ሲያልፍ ሁሉም ዘወር ብሎ እኔን ያያል፤ «ጠባቂ፣ አመለጠህ!» ይሉኛል።

ለዚህ ነገር የምጨነቅበት ምክንያት ነበረኝ። ሳሪስ ካለ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ የድሮ ወታደሮች የጦርነት ድራማ ሲያዩ ተቀምጬ አውቃለሁ። ጀግናው ጥይት ሳይሞላ ሲተኩስ ይውላል። አንደኛው ሽማግሌ፣ «ይሄ ጠመንጃ ነው ቧንቧ?» ብለው ሳቁ፤ ሁሉም ሳቀ። ቀጥሎ ጀግናው ጓደኛውን አቅፎ አለቀሰ። ልቅሶው እውነት ሊሆን ይችል ነበር፤ ግን ሳቁ አልቆመም። አንዴ ከዋሸሃቸው በኋላ እውነትህንም አያምኑህም።

አንድ ቀን ግን ራሴ ተለቀምኩ። የሚቀረፀው አፈሳ ነበር፤ ወጣቶች ከመንገድ እየታፈሱ ወደ ጦር ሜዳ የሚጫኑበት ትዕይንት። አንዱ ተዋናይ ጂንስ ለብሶ መጣ። «በደርግ ጊዜ ምን ጂንስ አለ? አውልቅ!» አልኩት። አከራዬ ከበራቸው ላይ ተቀምጠው ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ያዩናል፤ ስልሳን ያለፉ ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ «እትዬ» ይላቸዋል።

«አንተ ልጅ!» አሉኝ ከትከት ብለው። «ወንድሜን የወሰዱት እኮ በጂንስ ነው! ሲታጠብ ያጥርብኛል ብሎ ውሃ አያስነካውም ነበር። እየሸተተ ነው የሄደው።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። የሰፈሩ ሰው ግን አልሳቀም፤ እትዬ ስለ ወንድማቸው ሲያነሱ ሰፈሩ ዝም ነው የሚለው። እኔም ግቢያቸው ከተከራየሁ ጀምሮ ምክንያቱን ሰምቻለሁ። ታናሽ ወንድማቸው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከሥራ ሲወጣ ታፍሶ ወደ ሰሜን ተላከ። አንድ ጊዜ በጓደኛው አፍ ሰላምታ ልኳል። ከዚያ ወዲያ ዝም። መንግሥት ሲወድቅ እትዬ መንገድ ዳር ቆመው የሚመለሱትን ወታደሮች ፊት አንድ በአንድ አዩ። እሱ የለም። «ሞተ» ብሎ በራቸውን ያንኳኳ ሰውም የለም። እሳቸውም መርዶ ያልመጣለት ሰው አልሞተም ብለው ደመደሙ፤ ማንም እንዳያለቅስለት ከለከሉ። ልጃቸው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቤት አላት፤ መጥተሽ ከኔ ጋር ኑሪ ብላ ብትለምን ብትለምን እምቢ አሉ። «እሱ የሚያውቀው ይሄን በር ነው» ይላሉ። ልጃቸው ጋ ቢያድሩ እንኳ በማለዳ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዘው ይመለሳሉ።

ድራማው ውስጥ የመርዶ ትዕይንት ነበር። ጽሑፉ ላይ እኩለ ቀን ላይ ጂፕ ይመጣል፤ መኮንን ይወርዳል፤ ቆቡን አውልቆ ለእናትየው ፖስታ ይሰጣል፤ እሷም አንብባ ትወድቃለች።

«ይሄ የኛ አይደለም» አልኩት ዳይሬክተሩን። «እኛ ጋ መርዶ በቀን አይመጣም፣ በፖስታም አይመጣም። ሽማግሌዎችና ጎረቤት ሌላ ቤት ተሰባስበው፣ ጎህ ሳይቀድ አብረው ነው የሚመጡት። ሴትየዋ በሩን ከፍታ ያን ሁሉ ሰው ስታይ ታውቃለች። ማንም ምንም መናገር የለበትም።»

ዳይሬክተሩ ቆቡን አወለቀ። እንዲህ ሲያደርግ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። «የአባቴን ሞት እንዲህ ነው የነገሩን» አለ። «አውቀዋለሁ። የውጭ ፊልም ብዙ አይተን ነው መሰለኝ ጂፕ የጻፍነው።» ጂፑ ቀረ። ቀጥሎ በር አስፈለገ፤ ካሜራ ማኑ የእትዬን በር አሳየ።

እትዬ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«መርዶው ለፊልሙ ልጅ ነው አይደል?» አሉኝ።

«ለፊልሙ ልጅ ነው፤ ግን እትዬ፣ ካልወደዱት ሌላ በር እንፈልጋለን።»

«በሬን ያንኳኩት፤ በር አይሞት። እኔ ግን አላይም። ልጄ ጋ አድራለሁ።»

ከዚያ በየቤቱ እየዞርኩ ማለዳ ላይ ፊልም እንደሚቀረፅ ነገርኩ። የዕድሩ ዳኛ ዐወቁ፤ ከማዕዘኑ ላይ ሱቅ ያለው የስልጤው ነጋዴ ዐወቀ፤ የኋላ ሰፈሩም ዐወቀ። አንድ ሰው ብቻ አመለጠኝ። የእትዬ የልጅነት ጓደኛ፣ ጉልት ላይ ቲማቲም የሚሸጡት ባልቴት ፀበል ሰንብተው በዋዜማው አመሻሽ ነበር የገቡት። ማለዳ ተነስተው ኪዳን ሄዱ።

ሰማዩ ገርጣ ሲል ቀረፃው ተጀመረ። ጋቢ የለበሰ፣ የተለጠፈ ሪዝ ያለው ሽማግሌ ተዋናይ ከፊት ቆመ። ከኋላው ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች፣ ዱላ የያዙ ወንዶች። ዲሹን አስወርጃለሁ፤ የመብራት ቆጣሪውን በጆንያ ሸፍኛለሁ። በስክሪኑ ሳየው አንድም ስህተት አልነበረበትም።

ባልቴቷ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያዩት ይህንን ነው፤ የጓደኛቸው በር፣ የንጋት ጨለማ፣ ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው። ካሜራው ከጥግ፣ ከአጥሩ ጥላ ውስጥ ነበርና አላዩትም። እኛ አገር ደግሞ መርዶ ቆሞ ያየ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፤ ለቅሶው ይቀድማል፣ ጥያቄው በኋላ ነው። ለሳቸው ደግሞ በዚያ በር ላይ መርዶው ሊነገር የሚችለው የአንድ ሰው ብቻ ነበር። የያዙትን ፌስታል ለቀቁት፤ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፣

«እህትህ ደጅ ቆማ ዓይኗን ስትዘረጋ፣
የቱ መንገድ ዋጠህ ሳይመሽ ሳይነጋ?»

አሉ። ለትዕይንቱ የሙሾ ግጥም የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። የሳቸውን ስሰማ የራሴን ረሳሁት። ያን ጠዋት የተገጠመ አልነበረም፤ ዓመታት ሙሉ ውስጣቸው ተቀምጦ የቆየ ነው።

ድምፃቸውን ሰምተው በሮች ተከፈቱ። ፊልም መሆኑን እኔው በአፌ የነገርኳቸው ሰዎች እየሮጡ መጡ፤ ያን ድምፅ የሰማ ሰው ፊልም ነው ብሎ ሊተኛ አይችልም። ወንድምየውን በልጅነት ያወቁት ሁሉ በቤት ስሙ እየጠሩ አለቀሱ። ለመታየት የቆሙት ሴቶችም፣ የዚሁ ሰፈር ሴቶች ናቸው፣ ማስመሰሉን ትተው የእውነት አለቀሱ። የስልጤው ነጋዴ ሱቁን ገርበብ አድርጎ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጣ።

«ፊልም እኮ ነው፤ ነግሬህ የለም?» አልኩት።

«ታዲያ ሰው እያለቀሰ እኔ ዳቦ ልሽጥ?» አለኝ ተቆጥቶ።

ካሜራ ማኑ ዳይሬክተሩን አየ። ዳይሬክተሩ በእጁ ቀጥል አለው። ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። እኔም አቁሙ አላልኩም። እየቆየሁ ሳስበው ለምን እንዳላልኩ አውቃለሁ፤ የሚታየው ነገር ያምር ነበር።

በዚህ መሃል እትዬ ደረሱ። የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዘው ከዋናው መንገድ በእግራቸው መጥተው ነው። ከሕዝቡ ጀርባ ቆመው የወንድማቸው ስም ሲጠራ ሰሙ። ሰዉ ዞሮ ሲያያቸው ለቅሶው አንድ በአንድ ቆመ።

«በቁሙ!» አሉ። «በቁሙ አለቀሳችሁበት!»

«ካት» አለ ዳይሬክተሩ፣ በሹክሹክታ። ማንም አልሰማውም።

እትዬ ሰዉን እየጣሱ ወደ ፊት ሄዱ። «ማነው ያየው? ሲሞት ያየው ማነው? ይምጣና ይንገረኝ!» ሽማግሌው ተዋናይ በሩ ላይ እንደቆመ ነው። ጋቢውን ጨብጠው ያዙት። «አንተ ነህ? አንተ ነህ ያየኸው?»

«እኔ... እኔ እናቴ፣ ከሳሪስ ነው የመጣሁት» አለ ሰውየው። ሪዙ በእንባው ረጥቦ በአንድ በኩል ተላቆ ተንጠልጥሏል።

እትዬ ሪዙን አዩት። ሊስቁ ነው ወይስ ሊያለቅሱ ማወቅ አልቻልኩም። እጃቸውን ሰደዱና ሪዙን መልሰው ለጠፉለት። ከዚያ ነጋዴው ባመጣው አግዳሚ ላይ ቁጭ አሉ።

ባልቴቷ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። «ፊልም መሆኑን አላወቅሁም» አሉ።

«አላወቅሽም።»

«ቢሆንም አልጸጸትም። ተቆጪኝ። አንቺ ስለከለከልሽን እኔ ለቅሶዬን አርግዤ ኖርኩ። ከወንዝ ዳር አብረን ነው ያደግነው፤ አዝዬዋለሁ እኮ። አንቺ ትጠብቂያለሽ፤ እኔ ደግሞ አንቺን ስትጠብቂ አያለሁ። የትኛችን ይብሳል?»

ሰዉ ሁሉ ቆሟል። ፀሐይ ከፋብሪካው አጥር በላይ ብቅ አለች። በመጨረሻ እትዬ የራሳቸውን ነጠላ ከትከሻቸው አወረዱና ዘርግተው አዩት። ከዚያም አዘቅዝቀው ለበሱት። ያን ጊዜ የተነሳውን ለቅሶ አልጽፈውም።

ዕድሩ ድንኳን ተከለ፤ ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ጭነው ሊሄዱ ሲሉ የዕድሩ ዳኛ፣ «ለቅሶ የጀመረ ሰው ሳይጨርስ ወዴት ነው?» ብለው አስቀሯቸው። ካሜራ ማኑ ውሃ ሲቀዳ፣ ሽማግሌው ተዋናይ ንፍሮ ሲያዞር ዋለ። እትዬ ስለ ወንድማቸው አወሩ፤ ማስቲካ ሰርቆ እንደተገረፈ፣ ለአንዲት ልጅ ብሎ ሐዲዱ ላይ ሲሄድ ወድቆ ጥርሱን እንደሰበረ። ድንኳኑ ውስጥ ተሳቀ።

በአራተኛው ቀን ዳይሬክተሩ ቆቡን ይዞ መጣ።

«ያን ጠዋት የቀረፅነው አለ፣ እትዬ። ሳይፈቅዱ አልነካውም።»

«ጥሩ ነው?»

«በሕይወቴ እንዲህ ያለ አልቀረፅኩም።»

«እኔም አለሁበት?»

«አሉ።»

እትዬ አሰቡ። «ለወንድሜ የተለቀሰውን ለፊልሙ ልጅ አልሰጥም» አሉ። «ያንተ ልጅ የራሱን ያስለቅስ።»

ዳይሬክተሩ አልተከራከረም፤ ፊታቸው ላይ አስጠፋው። እኔ ግን አንጀቴ ተቃጠለ። ከአንድም የጦርነት ፊልም ላይ እንደዚያ ያለ እውነት አላየሁም። ማታ ላይ ይህንኑ ለእትዬ ነገርኳቸው። «ታዲያ አንተ አይተኸው የለም?» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ አላወራንም።

ትዕይንቱ እንደገና ሌላ ሰፈር፣ እኔ በሌለሁበት፣ በተዋናዮች ተቀረፀ፤ ከወራት በኋላም በቴሌቪዥን ቀረበ። እትዬ ቤት ተሰብስበን አየነው፤ ባልቴቷም፣ ነጋዴውም ነበሩ።

«ይቺ ደረቷን ትመታለች ወይስ አቧራ ታራግፋለች?» አሉ ባልቴቷ።

«ማለዳ አይደለም» አልኩ እኔም። «ጥላውን እዩት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የቀረፁት። ደግሞ የዚያች ሴት ጫማ...»

«ዝም በል ልጄ» አሉ እትዬ ከስክሪኑ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «ይሄ ደህና ነው። ውሸት መሆኑ ያስታውቃል፤ ማንም ደንግጦ ከቤቱ አይወጣም። ይልቅ ድምፁን ጨምርልኝ።»