ረሐሉ ላይ የነበረው ወረቀት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ ዘይነብ ራሷ ደረሰችበት እንጂ እኔ አልነገርኳትም። እናንተ ሸዋ ሮቢትን የማታውቁ ከሆነ ለእኔ ይሻለኛል፤ አማቴን ሐጂ ኑሩን መንገድ ላይ አታገኟቸውማ።

ጥፋቴ የጀመረው በሬድዮ ነው። ቀን መናኸሪያ ትኬት እቆርጣለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ግን ብትንትኑ የወጣ ሬድዮ ገጣጥሞ ማናገር ሱሴ ነበር። ዕቃው ከአዲስ አበባ ከነመመሪያው ይመጣልኛል። መመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ብዘረጋው ማራገቢያው ይወስደዋል፤ ማራገቢያውን ባጠፋው የሮቢት ሙቀት እኔን ይወስደኛል። በአንድ እጄ የጋለ መበየጃ፣ በሌላው ሽቦ ይዤ ወረቀቱን በምን ልያዘው? በጥርሴ? ስለዚህ ሁለት ሳንቃ አጣልፌ መደገፊያ ሠራሁ። የማውቀው መደገፊያ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ በልጅነቴ መድረሳ ያየሁት፣ ቁርኣን የሚቀመጥበት ረሐል። እሱኑ አስመስዬ ሠርቼ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት።

እስከዚህ ድረስ ወንጀል የለብኝም። አለብኝ እንዴ?

ሐጂ ኑሩ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው። ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲመለሱ በመስኮቴ በኩል ያልፋሉ። መመሪያው “በላብ እጅ አትንኩ” ስለሚል፣ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ደጅ ወጥቼ እጄን እስከ ክርኔ እታጠባለሁ፤ ሙቀት ነውና ፊቴንም እግሬንም አስከትላለሁ። ላብ ዐይኔ እንዳይገባ ቆብ አደርጋለሁ። ከዚያ በሽርጤ ቁጭ ብዬ፣ ረሐሉ ላይ አቀርቅሬ፣ የፈረንጁን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነባለሁ። ሲሳካልኝ “አልሐምዱሊላህ!” እላለሁ፤ ጣቴን ሲያቃጥለኝ “አስተግፊሩላህ!” ሐጂ ኑሩ ታዲያ ምን ይበሉ? እኔም ራሴን በመስኮት ባየው ኖሮ ዱዓ አድርግልኝ እለው ነበር።

ያን ጊዜ ለልጃቸው ለዘይነብ የጀውሃው ጀማልም ሽማግሌ ልኮ ነበር። ጀማል ሽንኩርት የሚጭን የአይሱዙ ሾፌር ነው። እኔም አጎቴን ላክሁ፤ ተስፋ ኖሮኝ ሳይሆን እንዳይቆጨኝ ብዬ ነው። አጎቴ ዐይኑ ፈጦ ተመለሰ።

“አንተ ምን አድርገሃቸው ነው?” አለኝ። “ገና አፌን ሳልከፍት፣ ‘ያ ሾፌር ውሎ አዳሩ ጎዳና ነው፤ መቼ ቁርኣን ይቀራል? ያንተው ልጅ ግን ብቻውን ዘግቶ ሲቀራ በዐይኔ አይቻለሁ፤ ሰጥቻለሁ’ አሉኝ።”

እኔ ምን አልኩ? “ኸይር ነው” አልኩ።

ዘይነብን እወዳት ነበር፤ ይህ ግን ከጥፋቴ አያወጣኝም። ዝም ማለቴ ሳያንስ እስከ ኒካሁ ቀን ድረስ ከዐስር በኋላ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማጉተምተም ጀመርኩ። እኔ ነኝ ያጉተመተምኩት፤ ሸይጧን አላጉተመተመልኝም።

በተጋባን ሰሞን ዘይነብ ረሐሉ ላይ ያለው ቁርኣን መስሏት ልትስም ጎንበስ ስትል የሬድዮ ሥዕል አየች። ቀጥላ እኔን አየችኝ። “አባዬ ይህን ከሚሰማ፣ ሬድዮ አግብታለች ብባል ይሻለኛል” ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

አሁን ሐጂ ዐይናቸው ደክሟል። ባለፈው ጁምዓ አስጠሩኝና፣ “ልጄ፣ ያን የመስኮቱን ረሐል ይዘህልኝ ና። በረካ አለው። እሱ ላይ አድርገህ ትቀራልኛለህ” አሉኝ። ወሰድኩላቸው። እንጨቱን ሲዳብሱት ጣታቸው መበየጃው ያቃጠለው ቦታ ላይ ቆመ።

“ይኸ ምንድን ነው?”

የእውነት በር ከዚህ በላይ ይከፈታል? እኔ ግን “ሻማ ነው” አልኩ።

“መብራት ጠፍቶ እንኳ አላቋረጥክም?” አሉና ዕንባቸው ወረደ። ቁርኣኑን ሲዘረጉልኝ፣ መድረሳን በአጫጭሮቹ ሱራዎች ላይ ጥሎ የሸሸው ሰውዬ፣ እኔ፣ “ጉሮሮዬን ይዞኛል” አልኳቸው። “እንግዲያ ለሚመጣው ጁምዓ” ብለው ለጉሮሮዬ አንድ ጣሳ ማር አስያዙኝ። ዘይነብ ማሩን ስትቀበለኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

አማራጭ ሳጣ ጀውሃ ወረድኩ። ጀማል አሁን በቃሉ እንደሚቀራ ሰምቼ ነበር። “በሥራ ብዛት ረሳሁት፤ አስታውሰኝ” አልኩት። እሱም ውሸት ነው፤ ከሌሎቹ ጋር ደምሩት። ጀማል አይሱዙው ውስጥ ከጎኑ አስቀምጦኝ እንደ ሕፃን ያስቀራኝ ጀመር። ሳይሰለች፣ ሳይስቅብኝ።

“ያኔ ሐጂ የሚቀራ ሰው መረጡ ሲሉኝ ቅናት ይዞኝ ነው የጀመርኩት” አለኝ። “ስነዳ እየሰማሁ፣ ስነዳ እየደገምኩ በቃሌ ሀፈዝኩት። ሰበቡ አንተ ነህ፤ አላህ ይስጥህ።”

እኔ ምን አልኩ? “አሜን” አልኩ።

ስለዚህ እናንተ ይቅር አትበሉኝ። ይቅርታው የሐጂና የጀማል ነው፤ ለሁለቱም አልነገርኳቸውም። ጁምዓ ነገ ነው። የሐጂን ማር በየጠዋቱ እልሳለሁ፤ ጉሮሮዬን ደግሞ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም።