ጥርስ ሠሪውና የአሮጌዋ መኪና መሪ

ሰፈሩ «ጋሽ ጥርሱ» ይለዋል። እውነተኛ ስሙን ከሚስቱና ጡረታ ከሚከፍለው መሥሪያ ቤት በቀር የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስልም። ዕድሜውን በአንድ የጥርስ ክሊኒክ የኋላ ክፍል ተቀምጦ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ ኖሯል። ሐኪሙ ከፊት ሆኖ ይነቅላል፤ እሱ ከኋላ ሆኖ ይተካል። ምስጋናው ሁሉ የሐኪሙ ነበር፤ ጋሽ ጥርሱ ግን በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም። መንገድ ላይ ሰው ሲስቅ ካየ ፊቱን ትቶ ጥርሱን ያያል። «ይቺማ የኔ ናት» ይልና ልቡ ሞቅ ብሎት ያልፋል።

ጡረታ ሲወጣ እጁ አላርፍ አለው። መጀመሪያ ለጎረቤቱ መካኒክ የአንዲት አሮጌ መኪና የመስኮት ማንሻ እጀታ ሠራለት። ዋናው ተሰብሮ ግማሹ የለም፤ የሠራው ፋብሪካ ደግሞ ከተዘጋ ዘመን ሆኖታል። ጋሽ ጥርሱ ስብርባሪውን አገላብጦ አየና የጎደለውን በሰም ሞላ። በጀሶ ፎርማ አወጣለት። ከዚያ ጥርስ የሚሠራበትን ዱቄትና ፈሳሽ በጥብጦ አፈሰሰበት። መካኒኩ አዲሱን ከሌላው በር እጀታ ለመለየት ሁለቱን ደጋግሞ ቢያገላብጥ አቃተው። እሱ ደግሞ ወሬ መያዝ አይችልም፤ ሳምንት ሳይሞላ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ የጋሽ ጥርሱን በር ማንኳኳት ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ የሰው ቤት መሆኑ ቀረ። ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ በጀሶ ነጣ። የሬዲዮ ቁልፍ፣ የካምቢዮ ራስ፣ የዳሽቦርድ ክዳን በየመደርደሪያው ተኮለኮለ። ለልኬት የመጣ አንድ የመኪና የኋላ ወንበር ሳሎን ውስጥ ከርሞ እንግዳ ይቀመጥበታል። እንግዳው ሊሄድ ብድግ ሲል ሚስቱ ከጓዳ «ወራጅ አለ!» ትላለች። የሷ ነገር ጥርስ አያስከድንም።

ስለ ቀለም ግን ከጋሽ ጥርሱ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ለሌላው ሰው ነጭ ነጭ ነው። ለሱ የወተት ነጭ አለ፣ የአጥንት ነጭ አለ፣ የአጫሽ ነጭ አለ። ቀለም የሚያመሳስለው በአምፖል ሳይሆን መስኮት ዳር ቆሞ በቀን ብርሃን ነው። ካልመሰለው መዶሻውን አንስቶ ይሰብረዋል። ጉድለት ያለበት ሥራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ያናድዳል፤ ደግሞም ያስቀናል።

ታላቅ ወንድሙ ሾፌር ነበር። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደገውም ያስተማረውም እሱ ነው፤ ክብ ክብ መብራት ባላት አንዲት ታክሲ እየሠራ። መኪናዋ ዛሬም ወንድምየው ግቢ ውስጥ ቆማለች። ነጭ መሪዋ ግን በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ወልቋል፤ በቦታው የሌላ መኪና ጥቁር መሪ ገብቶላታል። ወንድምየው ያንን ጥቁር መሪ በሰው እግር እንደ መሄድ ቆጥሮ ሲጠላው ኖሯል።

አንድ ጠዋት አሮጌውን መሪ በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ።

«ማሙሽ» አለው። ጋሽ ጥርሱ የልጅ ልጅ አይቷል፤ ለወንድሙ ግን ዛሬም ማሙሽ ነው። «የዓይን ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለኝ። ከዳር ከዳር እየጠበበብኝ ነው። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውም እስከ መቼ እንደሚቆይ አይታወቅም ብሎኛል።»

«ወንድም ጋሼ…»

«ቆይ ልጨርስ። ሳይጨልምብኝ እሷን እንደ ጥንቷ ሆና ልያት። ሌላ አልለምንህም።»

«ለኔ ተወው» አለ ጋሽ ጥርሱ። መሪውን ከጨርቁ ፈትቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደው።

ሥራው ዳገት ነበር። ስንጥቁን በሰም ደፈነ፤ ፎርማውን በሁለት ግማሽ አወጣ፤ የመሪውን የብረት አጥንት አጽድቶ መሃሉ አስተኛ። ከዚያ ጥርስ ሠሪ ብቻ የሚሳሳተውን ስሕተት ተሳሳተ። ጥርስ ሠሪ አዲሱን ጥርስ የሚያመሳስለው ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር ነው፤ በአጫሽ አፍ መሃል የሕፃን ጥርስ ቢተክል ሰው ይስቅበታል። እጁ የለመደውን አደረገ፤ የመሪውን ቀለም ከመኪናዋ ነቅሎ ካመጣቸው የዳሽቦርዱ አሮጌ ቁልፎች ጋር አመሳሰለ። ሲወጣ እናትና ልጅ መሰሉ። እሱም ደስ ብሎት ሚስቱን ጠራት።

«ጎሽ፣ እጅህ ይባረክ» አለችና ጠጋ ብላ አየችው። «ግን መኪናዋ አዲስ ሆና ስትመጣም እንዲህ ሲጋራ ስታጨስ የኖረች ትመስል ነበር?»

ጋሽ ጥርሱ ክው አለ። ወንድሙ የጠየቀው እንደ ጥንቷ ነው፤ ቁልፎቹ ደግሞ በፀሐይ ያረጁ ናቸው። አንዱን ቁልፍ ገልብጦ ከሥሩ አየ። ፀሐይ ያልደረሰበት ቦታ ላይ የመጀመሪያው ነጭ ተደብቆ ቁጭ ብሏል። መሪውን ሰበረው። ቁልፎቹን በዚያ ነጭ እንደ አዲስ ሠራ። ሁለተኛው መሪ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መሰለው፤ ሚስቱ ግን ምንም አረንጓዴ አልታያትም። እሱንም ሰበረው። ቀኑ በዚህ መሃል ይነጉዳል።

ሦስተኛው ቀለሙ ልክ መጣ። ከላይ በኩል ግን አየር ታፍኖ ምስር የምታክል ጎድጓዳ ጉድፍ ትቶበታል። በሞቃት ቀን ዱቄቱ ቶሎ እንደሚጠነክር እያወቀ፣ ፎርማውን መታ መታ አድርጎ አየሩን ሳያስወጣ ቀርቷል። ቢደፍናት ጥገናው ቀለሙን ይለያል። ዱቄቱም አልቋል፤ ሌላ እስኪመጣ ስንት ሳምንት። ይህን ሁሉ እያወቀ መዶሻውን አነሳ።

«አስቀምጠው!» አለች ሚስቱ ከበሩ ላይ።

«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አላት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባልም አለ! ትናንት ለወንድምህ ሻይ ሳቀርብለት እጁ ብርጭቆውን አልፎ ጠረጴዛውን ሲዳብስ አላየህም? አንተ ነጭ ትመርጣለህ። ለማን ነው የምትሠራው? ለሱ ነው ወይስ ለራስህ?»

ነገሩ አጥንቱ ድረስ ገባ። መዶሻውን አስቀምጦ መሪውን ማለስለስ ጀመረ። ያቺን ጉድፍ ባየ ቁጥር ያመው ነበር። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንከን ያለበትን ሥራ ጠቅልሎ ከቤት ወጣ፤ የወጣው ደግሞ አባት ለሆነለት ሰው ነው።

መሪውንና ቁልፎቹን ወንድሙ ግቢ ገጠማቸው። መኪናዋን ገፍተው ፀሐይ ላይ አወጧት። ወንድምየው በሩን በዳበሳ ከፍቶ ገባና ተቀመጠ። እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ፊቱን ወደ መሪው አስጠጋ። ዓይኑ የሚያየው በጠባብ ቀዳዳ ስለሆነ አንገቱን እያዘነበለ መሪውን ጥቂት በጥቂት ነበር በዓይኑ የሚዞረው። ጋሽ ጥርሱ በሩ ላይ ቆሞ ያየዋል። «አረፈድኩ» ብሎ አሰበ፤ «ነጭ በመምረጥ የዓይኑን ጊዜ አሳለፍኩት።»

ወንድምየው ዞሮ ዞሮ ከላይ በኩል ሲደርስ ቆመ። ጣቱን ቀሰረ እንጂ አልነካም።

«ማሙሽ።»

«አቤት ወንድም ጋሼ።»

«ይቺ ጉድፍ ምንድን ናት?»

ጋሽ ጥርሱ መኪናዋን ተደገፈ። «አየሃት?»

«እንዴት አላያት! ዕውር መሰልኩህ? እንዲህ አምሮ አምሮ እዚች ላይ ያበላሹታል?»

«እውነት አየሃት?»

«ምን ሆነሃል አንተ? ይቺውልህ!»

ጋሽ ጥርሱ «ይቅርታ ወንድም ጋሼ፣ ይቅርታ» እያለ ይስቃል፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ወንድምየው በዚያች ጉድፍ እየተነጫነጨ መሪውን ሲያይ ቆየ፤ ታናሽየውም ስድቡ ባያልቅ ብሎ ቆሞ ሰማው።