አውጪ የሌለው መንዙማ

ወልድያ ውስጥ፣ ከአንድ የሞባይል ጥገና ቤት ጀርባ፣ ትንሽ የቀረጻ ክፍል ነበረችኝ። ግድግዳዋን ስፖንጅ አልብሼ፣ በሯን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ የሠርግ ዘፋኙም የመዝሙር ቡድኑም የመንዙማ አውጪውም እየመጣ ይቀረጽባት ነበር። ብዙ ዘመን የሠራሁት በእጅ በምትያዝ ስቴሪዮ መቅረጫ ነው። እሷ የሰማችውን ሁሉ ባንድ ላይ ትይዛለች፤ ከበሮው ዘፋኙን ከዋጠው ዋጠው ነው፣ ኋላ መለየት አይቻልም። ስምንት ትራክ ያለውን መቅረጫ ስገዛ ግን ሥራዬ ሌላ ሆነ። እያንዳንዱ ማይክ የራሱ መስመር አለው። አንዱን ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ ማድረግ፣ ካስፈለገም ሁሉንም ዘግቶ ያንድን ሰው ድምፅ ብቻውን መስማት ይቻላል። በዚያ ዕቃ የተደሰትኩትን ያህል በሌላ ንብረት ተደስቼ አላውቅም።

አንድ ቀን መንገድ ዳር ማንጎና ብርቱካን የምትሸጥ ሴት ከመርሳ መጣች። አባቷን በዝና አውቃቸዋለሁ፤ በሐብሩ ገጠር ዱዓ ሲደረግ መንዙማ እንዲያወጡ ከሩቅ የሚጠሩ አዛውንት ገበሬ ናቸው።

«አባቴ ጉሮሯቸውን ታመዋል» አለችኝ። «ካልተቆረጠ አይድኑም ተባለ። ከተቆረጠ ደግሞ ድምፅ የለም። ለሕክምና ሳይሄዱ እንድትቀርጽልኝ ነው የመጣሁት።»

ዕቃዬን ጭኜ ሄድኩ። ቤታቸው ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ማሽላ ማሳ መሀል ነው። ድቤ መቺውና ተቀባዮቹ ቀድመው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ለድቤው አንድ፣ ለተቀባዮቹ ሁለት፣ ለእሳቸው ደግሞ ያለኝን ምርጥ ማይክ፣ ድምፃቸው እንዳይቀላቀል እያራራቅኩ አቆምኩ። አዛውንቱ ገመዶቹን በዓይናቸው ተከትለው መቅረጫው ጋ ደረሱ።

«ልጄ፣ ይቺ ሚጢጢ ዕቃ ሁላችንን እንዴት ትችለናለች?»

«እያንዳንዳችሁን ለየብቻ ነው የምትይዘው፣ አባባ። በኋላ እኔ ነኝ የማገናኛችሁ።»

«እኛ ሳንለያይ?»

«አዎ፣ ሳትለያዩ።»

ሳቁና ጀመሩ። ድምፃቸው ሻክሯል። ከፍ ሲሉ ይሰነጠቃል፤ ግን ስንጥቁ ውስጥ የሆነ ነገር ነበረ፣ ተቀባዮቹ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚመልሱላቸው። እሳቸው አንድ ስንኝ ያወጣሉ፣ ያርፋሉ፤ ድቤው ይመታል፤ ሰዎቹ ይቀበላሉ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቀረጽን።

ሲያበቃ ሄድፎኑን ጆሯቸው ላይ አድርጌ ሌላውን ሁሉ ዘግቼ የእሳቸውን ብቻ ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዕድሜዬን ሙሉ መንዙማ ከሰው ጋር ነው ያልኩት» አሉ ኋላ። «ብቻዬን ምን እንደምመስል አሁን ሰማሁ።» ሄድፎኑን በሁለት እጃቸው መልሰው ሰጡኝ። «አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ ይቁረጡት።»

አዲስ አበባ ሄደው ተቆረጠ። አንገታቸው ላይ ቀዳዳ ይዘው፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ተመለሱ። እኔ በዚያ ሰሞን ቅጂውን እያስተካከልኩ ነበር። አልቸኮልኩም፤ አንዴ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው ብዬ።

ጦርነቱ ወልድያ የደረሰው ይህን ሳልጨርስ ነው። ቅጂው ያለበትን ዲስክ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ከባለቤቴና ከትንሿ ልጄ ጋር ወደ ደሴ አቅጣጫ በእግር ወጣን። መንገዱ ሰው ብቻ ነው። ልጄ መራመድ ሲያቅታት ለማዘል ሻንጣውን ባንድ የጭነት መኪና ላይ ለተሳፈሩ ሰዎች አቀበልኩ፤ ውርጌሳ ላይ እንገናኝ ተባብለን። መኪናውንም ሰዎቹንም ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ስንመለስ ክፍሌ ባዶ ነበር። ኮምፒውተሩ፣ ዋናው ቅጂ ያለበት ካርድ ውስጡ የቀረ መቅረጫው፣ ማይኮቹ፣ ከግድግዳው ስፖንጁ ሳይቀር ተወስዷል። ሚስማሩ ላይ የቀረ ቁራጭ ስፖንጅ እየቀደድኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

የአዛውንቱ ልጅ ከመርሳ መጣች። ገና በሩ ላይ ሆና አየችና ገባት።

«ስንቱ ልጁን በቀበረበት አገር ስለ ድምፅ መጠየቅ ያሳፍራል» አለች። «ብቻ፣ ካገኘኸው።»

ከዚያ በኋላ ገበያ ለገበያ መዞር ሆነ ሥራዬ። የተዘረፈ ዕቃ ተሸጦ ተሸጦ የማያውቀው ሰው እጅ ይገባል። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ሐራ ገበያ ላይ አንድ ፍየል ነጋዴ ፊት መቅረጫዬን አየሁት። ጥጉ ላይ ያለው ጭረት የራሴ ነው።

«ሬዲዮ ነው ብለው ሸጡልኝ» አለ ሰውዬው። «ጣቢያ ግን አይዝም። ቀይዋን ስትነካት ትበራለች፣ ከዚያ ዝም ነው።»

የቤቴን ሬዲዮ አምጥቼ ለወጥኩት። ደስ አለው። እኔ ግን ቀይዋ የመቅረጫ ቁልፍ እንደሆነች አውቃለሁና እቤቴ እስክደርስ አልታገስኩም። ካርዱን ስከፍት ፍየል ይጮሃል፣ ሰው ይስቃል፣ ነፋስ የመቅረጫውን የራሱን ማይክ ይመታል። የበፊቱ ተሰርዞ በላዩ ላይ ተቀርጿል።

አዲስ አበባ የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። ደጋግሞ ሞከረ። የድቤው መስመር ወጣ። የተቀባዮቹም ሁለቱም ወጡ፣ ጥርት ብለው። የእሳቸው ማይክ የነበረበት ቦታ ላይ ግን ፍየሉ ነው ያለው።

«ከተረፈው ውስጥ የሚፈልጉት አለ?» አለኝ ባለሙያው። ሦስቱንም መስመሮች ገልብጦ እንዲሰጠኝ ነገርኩት።

ወደ መርሳ ይዤው ሄድኩ። ባልሄድ ይሻል ነበር ወይ እያልኩ እስካሁን አስባለሁ። አዛውንቱ ከስተው ደጅ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሁሉንም ነገረቻቸው። በእጃቸው አምጣው አሉኝ። ሄድፎኑን አደረግኩላቸው። ድቤው ይመታል፤ ከዚያ ረጅም ባዶ፤ ከዚያ ተቀባዮቹ ማንም ላላለው ነገር ይመልሳሉ። ባዶው ሲመጣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቦታውን አንድም አልሳቱም። ከአንገታቸው ቀዳዳ ትንፋሽ ብቻ ይወጣል። ልጃቸው ተነሥታ ወደ ማሳው ገባች።

ሲያልቅ ሄድፎኑን አወለቁና ከተቀባዮቹ አንዱን፣ ከእሳቸው መንዙማ ሲማር የኖረ ጎልማሳ ጎረቤታቸውን አስጠሩ። እሱን አመለከቱ፣ ከዚያ መቅረጫውን፣ ከዚያ የገዛ ጉሮሯቸውን።

«አይሆንም፣ ያ ቦታ የእርስዎ ነው» አለ ሰውዬው።

አዛውንቱ እጁን ይዘው መቅረጫው ፊት አስቀመጡት።

ማይክ ተውሼ መጥቼ ቀረጽኩት። ባዶው ትራክ ላይ ልክ ገባ። ድምፁ የጠራ ነው፣ አይሰነጠቅም፤ ተቀባዮቹ ለእሱ የተቀበሉ ይመስላል። አዛውንቱ አዳመጡና መዳፋቸውን ዘርግተው መረቁን። ፊታቸውን ለማንበብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

ያንኑ ክረምት ሞቱ። ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ልጃቸው እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። የቆመው ባጃጅ ውስጥ ያ ጎልማሳው የሞላው መንዙማ ይጫወታል፤ ከሞባይል ወደ ሞባይል ተላልፎ አካባቢውን አዳርሶታል።

«ወንድሜ፣ እባክህ ዝጋው» አለችው።

«ምነው? የአባትሽ አይደል እንዴ?»

ፊቷን ወደ ማሳው አዞረች። እሱም አዝኖ ዘጋው።

አሁን ለሠርግና ለስብሰባ ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ። መቅረጽ ትቻለሁ። አንዳንዴ አዛውንቱ በዚያ ከሰዓት በኋላ እንዴት እንዳሉት ለማስታወስ እሞክራለሁ፤ ያ ስንጥቅ የቱ ስንኝ ላይ ነበር እላለሁ። የሚመጣልኝ የጎልማሳው ድምፅ ነው።