የእማዬ ምድጃና የአባባ ግድግዳ

የሚቃጠል ጭድ ሲሸት ሌላው ሰው ገለባ ነው ብሎ ያልፋል፤ እኔ ግን ካለሁበት ቆሜ እቀራለሁ፣ ደብረ ታቦር የነበረው የጭቃ ቤታችን ከነብርዱ ይመጣብኛል።

አባባ የድጓ መምህር ነበሩ። ድምፃቸው ከደብሩ ቅጥር አልፎ ይሰማል ይባልላቸው የነበሩት ሰው፣ ደረታቸውን ታመው ቤት ከዋሉ ወዲህ አንዲት ሐረግ እንኳ ሳይጨርሱ ሳል ያቋርጣቸው ነበር። ሐኪሙ ከጭስ ይራቁ፣ ብርድም አይንካዎት አላቸው። የጉና ነፋስ ለሚመታው ሰው ብርድ አይንካህ ማለት ዓሣን ውኃ አይንካህ እንደ ማለት ነው። ጭሱ ግን መላ ነበረው።

ጥቅምት ላይ እማዬ ጉልቻዋን ነቅላ፣ ጌጡ የሚባል ብረት በያጅ ጭስ ማውጫ ያለው የብረት ምድጃ እንዲሠራላት አደረገች። ጌጡ ምድጃውን በጋሪ አምጥቶ ከግድግዳው ክንድ ያህል አርቆ ተከለው፣ ቱቦውንም በጣራ አወጣው። ከዚያ ግድግዳ ጀርባ አባባ የሚተኙበት መደብ ነበርና እማዬን ቅር አላት።

«ምነው ጌጡ፣ ጠጋ ብታደርገው? ሙቀቱ ወዲያ ማዶ ይደርስላቸው ነበር።»

«አይሆንም እትዬ፤ ግድግዳው ላዩ ጭቃ ይሁን እንጂ ውስጡ እንጨትና ጭድ ነው። ክፍተቱ ይኑር።»

ይህንን የሚለው ለማን ነው! እማዬ ለዓመት በዓል ቤት ስትለቀልቅ የጉንዳን ቀዳዳ እንኳ አይታ የማታልፍ ሴት ነበረች፤ በእኛ አገር ክፍት የተተወ ነገር ሁሉ የብርድ መግቢያ ነው። የገና በዓል ሲደርስ እንደ ልማዷ ጭድ የገባበት ጭቃ አቡክታ፣ በምድጃውና በግድግዳው መካከል ድንጋይ ደርድራ፣ ክፍተቱን ሞልታ መርጋ አለሰለሰችው። ስታበቃ ምድጃና ግድግዳ አንድ ሆኑ።

በጋው የደስታ በጋ ነበር። ግድግዳው ሞቀ፣ አባባም ጀርባቸውን አስደግፈው ይቀመጡ ጀመር። «አንቺ፣ ይህ ግድግዳ ነፍስ ዘራኮ!» ይሏት ነበር እየሳቁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደቀ መዛሙርታቸው መደቡ ሥር ተቀምጠው ዜማ ይቀበሏቸው ጀመር፣ እማዬም ማማሰያዋን ይዛ ታዳምጥና ዕንባዋን በሽንኩርት ታሳብብ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ነው ያ ሽታ የመጣው። እማዬ ወጥ ያረረ መስሏት ድስቱን ሁሉ ከፍታ አየች፤ ሽታው ግን ከአባባ ራስጌ፣ ከግድግዳው ስንጥቅ ከሚወጣ ቀጭን ጭስ ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ አባባን ከነጋቢያቸው አውጥተው ግድግዳውን በዶማ ሲያፈርሱት፣ ማገሩ ውስጥ ውስጡን ከስሎ ፍም ሆኖ አገኙት። ውኃ ተደፍቶበት ቤቱ ተረፈ።

ጌጡ መጥቶ ያንን ሁሉ ጭቃና ድንጋይ ነቅሎ አወጣ፣ የፈረሰውም ግድግዳ ተመረገ፤ ጌጡ አልተቆጣም። እማዬ ግን ልመናዋን አልተወችም። «በድንጋይ ብቻ ብሞላውስ? እባክህ፣ ክረምት እየመጣባቸው ነው!»

የመለሱላት አባባ ናቸው። «ተይ አንቺ። ልጆቹም የሚተኙት እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። እኔ ጋቢ እደርባለሁ።»

ክረምቱ ገባ። አባባን ምድጃው አጠገብ እንዳናስተኛቸው፣ እንጨት በተጨመረ ቁጥር የሚያመልጠው ጭስ ሳላቸውን ይቀሰቅስባቸው ነበር። እማዬ ድንጋይ አሙቃ፣ በጨርቅ ጠቅልላ እግራቸው ሥር ታደርግላቸው ነበር፤ ድንጋይ ደግሞ ወዲያው ይቀዘቅዛል። አባባ አንዳንዴ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፉና፣ ያየቻቸው እንደሆነ ብለው ቶሎ ይሰበስቡት ነበር። ታያቸዋለች፣ ያላየች ትመስላለች። ሐምሌ ላይ ዜማው ቀረ፤ በፍልሰታ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ጾሙ ሳይፈታ አረፉ።

ሐኪሙ ሳንባቸው ቀድሞውንም ያለቀ ነበር አለ። እማዬ አላመነችውም። ሰው ሁሉ ስለ ድምፃቸው ሙሾ ሲያወርድ እሷ አንዲት ቃል ብቻ ትደጋግም ነበር፤ «አበረድኳቸው፣ አበረድኳቸው።» እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ቤቱ ተቃጥሎ ቢሆንስ ብዬ ልጠይቃት እፈልግና እሷን ሳያት ያስለቅሰኝ ነበር። ዛሬም መልሱን አላውቀውም፣ ጌጡ ትክክል ነበረ ቢሉኝም፣ እማዬ ትክክል ነበረች ቢሉኝም ልቤ አያርፍም።

አሁን ብሎኬት ቤት አለኝ። ባለፈው የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲገጠምልኝ ባለሙያው ከግድግዳው ትንሽ አርቆ አቆመው፣ ከእኔ ጋር የምትኖረው እማዬም በምርኩዟ መጥታ ክፍተቱን ጎንበስ ብላ አየችው።

«ከወዲያ ማዶ ማን አለ?» አለችኝ።

«ማንም የለም እማዬ፣ ጓሮ ነው።»

«እንግዲያውስ ይራቅ» አለችና ወደ ሳሎን ተመለሰች።

ያኔ ቤታችን ጠባብ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ግድግዳ ጀርባ የምንሳሳለት ሰው ነበረ። ዛሬ ቤቴ ሰፊ ነው፣ ምድጃውም አያሰጋኝም። እማዬ ግን ሳሎን ስትቀመጥ፣ ትራስ ባደርግላት እንኳ፣ ጀርባዋን ከግድግዳ አታስነካም።