ውጫሌ ላይ ቀና ያልኩ ቀን

ትናንት ጎረቤቶቼ ሠርግ ሊደግሱ ድንኳን ተክለው ማይክራፎን ሲሞክሩ፣ ያ ጆሮ የሚበሳ ሲጥታ በመስኮት ገባና ልቤን አዘለለው። ጅግጅጋ መሆኔን ረሳሁት፤ አሥረኛ ክፍል ሆኜ ሐይቅ ዳር ቆምኩ።

የትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ተጋብዞ ነበር። የአምባሰሉን ዘፈን የምዘፍነው እኔ ነኝ። ድምፁን እግዜር አልነፈገኝም፤ ግን ዓይኔ ከመሬት አይነሣም። ትልቅ ሰው ትክ ብሎ ማየት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት።

«ለጫማሽ ነው እንዴ የምትዘፍኚው?» አለ መምህራችን። «እስከ ዓርብ ቀና ካላልሽ ሌላ ልጅ ትወጣለች።»

ከሰዓት ሐይቁ ዳር ወሰደን። ውሃው በፀሐዩ ይንቦገቦጋል፤ ዳሩ ቄጠማ ቄጠማ ይሸታል። ታንኳ ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ አሳየኝ። «እሱን እያየሽ ዝፈኚ። መቅዘፉን ካቆመ፣ ያዝሽው ማለት ነው።»

መሬት መሬቱን እያየሁ ዘፈንኩ፤ ሰውየው ቀዘፈ። ደገምኩ።

«እታለም፣ ዓሣውን አባረርሽብኝ እኮ!» ብሎ ጮኸ።

ማሲንቆ የሚመታው ልጅ «ወላሂ፣ ዓሣው እንኳ ሰምቶሻል!» ብሎ ሣቀብኝ። ተናደድኩና ቀና አልኩ። በዚያው ንዴት ዘፈኑን ስለቅቀው፣ መቅዘፊያው ቀጥ አለ። ልጆቹ እልልታቸውን አቀለጡት።

ቅዳሜ የውጫሌ ገበያ ጢም ብሏል። አማትቤ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደጨረስኩ መብራት ጠፋ፤ ማይክራፎኑ ዝም አለ።

«አምባሰልን ለአምባሰል ሰው ልትዘፍን መጥታ!» አለ አንድ ባለባጃጅ።

መምህራችን ከመድረኩ ሥር ሆኖ አገጩን ብቻ ወደ ላይ አነሣ። ማይክራፎኑን አስቀምጬ ወደ ጫፉ ወጣሁና ከሕዝቡ መሃል አንድ ፊት ፈለግኩ፤ ዶሮ ያቀፉ እናት ነበሩ። ለእሳቸው ለቀቅኩት። ማሲንቆው ተከተለኝ። ባለባጃጁ ሞተሩን አጠፋ፤ ገበያው ጸጥ አለ። ከዚያማ ጭብጨባው! ደረቴ ውስጥ ከበሮ የሚመታ መሰለኝ።

ስወርድ እኒያ እናት እየተጋፉ መጡ።

«ለእኔ ነው አይደል የዘፈንሽው?»

«አዎ፣ እማማ። ትክ ብዬ አየሁዎት፣ ይቅርታ።»

«ምን ይቅርታ አለው! ልጄ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ እንዲህ ያየኝ ሰው የለ» አሉና አገላብጠው ሳሙኝ። ዶሮዋ በመሃላችን ትንፈራገጣለች።

«መኪናው ሊሄድ ነው!» ብለው ልጆቹ ጠሩኝ። ስማቸውን ሳልጠይቅ ሮጥኩ። ዛሬ በጸሎቴ ሳነሣቸው «የውጫሌዋ እናት» ብቻ እላለሁ፤ ማን እንደሆኑ እሱ ያውቃል።