«ሚስቴ» የምትባለው የሮቢት መዛኝ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከደሴ

ከደሴ መናኸሪያ የወጣሁት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሮቢት አጠገብ ያለ የሽንኩርት አምራቾች ማኅበር በሥራ ቦታ ስለሚደርስ ወሲባዊ ትንኮሳ ለሠራተኞቹ የሁለት ቀን ሥልጠና እንድሰጥ ጠርቶኝ ነበር። ሥልጠናውን ስሰጥ ሰባት ዓመቴ ነው። በየሄድኩበት «እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ነገር የለም» ስለሚሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰልችቶኝ ነበር።

ሐይቅን፣ ውጫሌንና መርሳን አልፈን ወልድያ ስንገባ ረፍዷል። መኪና ቀይሬ ወደ ቆላው ስንወርድ ሹራቤን አወለቅኩ። ጎብዬ ላይ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶት ስለነበር ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት እዚያው የገዛሁትን ፓፓያ አብረን ስንበላ ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ለወንዶቹ ነው ለሴቶቹ የምታስተምሪው?»

«ለሁሉም ነው እናቴ።»

«ለወንዶቹ ደገም አድርጊላቸው» አሉና ፍሬውን በመስኮት ተፉ። ከሣቄ የተነሣ ፓፓያው ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።

ከጎብዬ በኋላ ሜዳው ይዘረጋል። ግራና ቀኝ ማሽላው ዘለላውን አውጥቷል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል። ሙቀቱ ያደክማል፣ አገሩ ግን ደስ ይላል።

ሮቢት፣ ከሰዓት በኋላ

ሥልጠናው የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ሽንኩርቱ በጆንያ ተደርድሮ ዓይን ያቃጥላል። ሰሌዳው ላይ «ትንኮሳ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። የግቢው ጥበቃ ጋሽ ሰይድ እጃቸውን አወጡ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በሠራተኛው ሁሉ የተከበሩ ሰው ናቸው።

«ትንኮሳስ አሁን የለም፣ አልሐምዱሊላህ። ተኩስ ከሰማን ቆየን።»

ለካ እዚህ ትንኮሳ ማለት ጦር የሚያስነሣ ነገር ነው! ሰባት ዓመት የተመካሁበትን ቃል በጨርቅ አጠፋሁት።

«እሺ፣ አንድ ሰው ሴት ሠራተኛን በነገር ሲያስቸግር እናንተ ምን ትሉታላችሁ?»

የመለሰልኝ ተቆጣጣሪው ነው፤ ሠራተኛውን የሚመድብ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሸጋ ሰው። «ጨዋታ ነዋ የምንለው። የወሎ ሰው ካልተጫወተ ምን ይሠራል? ይኸው ሚስቴን ጠይቂያት» ብሎ ለሽንኩርት ሚዛን የተቀጠረችውን ዘይነባን አመለከተ። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ አልዋሽም። ዘይነባ ብቻ አንገቷን ደፍታ እርሳሷን ታዞር ነበር።

አንድ ሽማግሌ ሕፃን ልጅን «ሚስቴ» ቢላት ቁልምጫ ነው፤ ማንም አይከፋውም። አለቃ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ሠራተኛውን ሲላት ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ሰዓት ይህን መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም።

ለዕረፍት ስንወጣ ዘይነባ ቧንቧው ጋ ተከትላኝ መጣች።

«እትዬ፣ ኮንትራቴ በዚህ ወር ያልቃል። የሚታደሰው እሱ ጥሩ ሠራተኛ ናት ብሎ ከፈረመ ነው» አለችኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ባለፈው ሳምንት ለሥራ ብሎ አላማጣ ሁለቱ ብቻ ሄደው እንዲያድሩ ጠይቋታል። እምቢ አለች። በማግሥቱ ከሚዛን አንሥቶ ሽንኩርት ለቀማ ላይ መደባት።

«‹ሚስት ደግሞ እምቢ ትላለች?› አለኝ፤ ሰው ሁሉ ባለበት። ሣቁ። አሁን ሁሉም ‹ሚስቱ› ነው የሚሉኝ።»

«ለማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ለምን አልነገርሻትም?»

«ምን ብዬ? ሚስቴ አለኝ ብዬ? እሷም ትሥቅብኛለች።»

«አብሽሪ» አልኳት። ትልልቅ ቃል እንደማያስፈልጋት፣ የተባለችውን እንዳለ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና በቦታው የነበረውን ሰው ብቻ እንድትጽፍ፣ ወረቀቱም ያለፈቃዷ ከእጇ እንደማይወጣ ነገርኳት። ግንቡ ላይ አስደግፋ ጻፈች። የምስክር ስም ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ጋሽ ሰይድ ነበሩ። ግን እሳቸውም ሥቀዋል።»

ሮቢት፣ ረቡዕ

ቆቦ አድሬ ጠዋት በሚኒባስ ተመለስኩ። ዘይነባን አስፈቅጄ ሥልጠናውን በራሴ ጥፋት ጀመርኩ። «ትናንት ተቆጣጣሪው ‹ሚስቴ› ሲል እኔም ፈገግ ብያለሁ። የተባለችውን ግን ማናችንም አላየናትም። ያየ አለ?»

ተቆጣጣሪው ስልኩን ይነካካል። ጋሽ ሰይድ ቀስ ብለው ተነሡ።

«እኔ አይቻለሁ። ‹ሚስት ደግሞ እምቢ ትላለች?› ያላት ቀንም ነበርኩ። እሷ አልሣቀችም። እያየኋት ነው የሣቅሁት። ልጄ፣ አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።»

«ኧረ ጋሽ ሰይድ፣ ቀልድ እኮ ነው» አለ ተቆጣጣሪው።

«እሺ፣ ቀለድክ። ከሚዛን ያነሣሃትስ በቀልድ ነው?» አሉት ጋሽ ሰይድ።

ተቆጣጣሪው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዘይነባ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች፤ እኔም ወደ ሰሌዳው ዞሬ ምንም ያልተጻፈበትን አጠፋሁ።

ሥራ አስኪያጇ ከኋላ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ከሰዓት ዘይነባ ወረቀቱን ራሷ ሰጠቻት፤ ጋሽ ሰይድም በምስክርነት ፈረሙ። ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪወሰን ተቆጣጣሪው ዘይነባን እንዳያዝ፣ የኮንትራቷንም ምዘና ሌላ ሰው እንዲሠራ ተደረገ። አቤቱታ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች ተመረጡ፤ አንዷ ሴት ናት። ጋሽ ሰይድ እስከ አስፋልቱ ሸኝተውኝ አንድ ፌስታል ሽንኩርት አሸከሙኝ።

ሐሙስ፣ ደሴ

ደሴ ስደርስ ካፊያ ነበር። ባለቤቴ ሽንኩርቱን አይቶ «ዘንድሮ ደመወዝ በዓይነት ሆነ?» አለኝ። ሻይ እንኳ ሳልጠጣ የማስተምርበትን ደብተር አወጣሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ተበዳይዋ ወዲያውኑ በግልጽ ትቃወም» ይላል። ሁሉንም ነገር እሷ ላይ ጭኜ ኖሬያለሁ። ሠላሳ ሰው እየሣቀ አንዲት ልጅ በምን አቅሟ ትቃወም? ሰረዝኩና «አጠገቧ ያለው ሰው አይሣቅ» ብዬ ጻፍኩ።

ወሩ ሲያልቅ ዘይነባ ደወለች።

«ኮንትራቴ ታደሰ እትዬ። ሚዛን ላይም ተመለስኩ።»

«እሰይ! ሰዉስ እንዴት ተቀበለሽ?»

«ስሜን ይጠሩኛል» አለችኝ።