ለመስኮት የምትበቃ ጥድ

ፀጉር አስተካካዩ መላጣ ደንበኛ ሲመጣበት አያሳፍረውም ነበር። ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፣ አንገቱ ላይ ፎጣ ያስርለታል፣ ከጆሮው በላይ የተረፈችውን ነካ ነካ ያደርግና ከዚያ በኋላ መቀሱን አየር ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ይዞረዋል። ሰውዬውም እንደ ማንኛውም ሰው ተቆርጦ ይወጣል። ወለሉን የምትጠርገው ሚስቱ የሚታፈስ ነገር ስታጣ፣ "ዛሬም ነፋስ ስትቆርጥ ዋልክ" ትለው ነበር።

አርባ ዓመት በዚህ ሥራ የኖረ ሰው እምነቱ አንድ ነው፤ የተቆረጠ ይበቅላል። ሚስቱ ታማ፣ ከሕክምናው ጋር ፀጉሯ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ትራስ ላይ መቅረት ሲጀምር የላጫት ራሱ ነው።

"ይበቅላል?" አለችው።

"ያልበቀለ መቼ አየሽ?"

አመነችው፤ ሻሿን አስራ ተኛች። አልጋዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ሥር ነው። ከመስኮቱ የሚታየው ግን የጎረቤት ግድግዳ ነው። አንድ ቀን፣ "ምነው አንድ ዛፍ እንኳ ባየሁ" አለች።

ዛፍ ደረጃ አይወጣም። ስለዚህ ችግኝ ሻጯ ዘንድ ሄደ። እሷም በጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ያለች፣ ክንድ የማትሞላ ጥድ አወጣችለትና በዝርግ የሸክላ ሳህን ላይ እንዴት ትንሽዬ አሮጊት ዛፍ እንደምትሆን አስረዳችው።

"ጋሼ፣ መቸኮል የለም። ዘንድሮ ቅርንጫፏን ብቻ ያሳሱላት፤ ሥሯን ለከርሞ ይተዉት። ደግሞ ቅጠሉን ሙልጭ አያድርጉት። ጥድ ከራቁት እንጨት አያቆጠቁጥም።"

"ለቀባሪው አረዱት አሉ" ብሎ ሳቀ። "ልጄ፣ መቁረጥን ለእኔ ተይው።"

ቤት ገብቶ፣ ሚስቱ ትራስ ተደግፋ እያየችው፣ ሥራ ጀመረ። ቀኙን ቆረጠ፤ ግራው በዛበት። ግራውን ሲያሳንስ ቀኙ ወጣ አለበት። ፈንጠር ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፣ ተመልሶ ይቆርጣል። የእጅ ልማድ ክፉ ነው። ግራና ቀኙ እኩል ያልሆነለት ደንበኛ ከወንበር አይነሳም፤ ጥዷን ግን እኩል ሁኚ ያላት አልነበረም። ልብ ሲል የታችኞቹ ቅርንጫፎች ራቁታቸውን ቀርተው፣ ቅጠል የተረፈው አናቷ ላይ ብቻ ነው። ሳህኑ ሥሯን አልችል ሲል ደግሞ፣ አንዴ ልገላግላት ብሎ ከግማሽ በላይ ከረከመው። ሚስቱ አጨበጨበችለት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ የምታጠጣት እሷ ሆነች። "አየሃት? ቀለሟን እንኳ አልለወጠችም። እሷ ከጸደቀች እኔም እነሳለሁ" ትላለች።

በአምስተኛው ሳምንት ሆዱ አላምን ብሎት ከአናቷ አንድ ቀንበጥ ሰርቆ ወደ ችግኝ ሻጯ ወሰደ። በጥፍሯ ቅርፊቱን ፋቅ አደረገችው። ውስጡ ቡናማ ነው።

"ጋሼ፣ ጥድ ስትሞት ቶሎ አታስታውቅም። ወር ሁለት ወር አረንጓዴ እንደሆነች ትቆያለች።"

"አሁን ምን ላድርግላት?"

"ምንም።"

ይህን ቃል በዚያ ሳምንት ሲሰማ ሁለተኛው ነው። መጀመሪያ የሰማው ከሐኪሙ አፍ ነበር፤ ለሚስቱም አልነገራትም። ደረጃውን እየወጣ ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ።

ማንኪያዋን ይዛ ጠበቀችው። "በመስኮቱ በኩል ያለው ጎኗ ትንሽ ወጣ ብሏል። እስቲ አስተካክልልኝ" አለችው።

መቀሱን አነሳ። ወጣ ያለውን ቀንበጥ ቢቆርጠው የደረቀው ውስጡ ሊታይ ነው። ጀርባውን ሰጥቷት፣ ጥዷን በትከሻው ጋርዶ፣ ቀጭ ቀጭ ማድረግ ጀመረ።

እሷ የመቀሱን ድምፅ ስታዳምጥ ቆየች።

"አንተ" አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ፣ "ይሄ እኮ ለመላጦቹ የምታደርገው ነው።"

ዞሮ እሷን ማየት አቃተው። እጁንም ማቆም አቃተው፤ መቀሱ ነፋስ መቁረጡን ቀጠለ።